ድንች ለአካባቢ ደግ ነው ከተባለ ይህ ሁሉ ርጭት ምንድን ነው?

የመክፈቻው ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር አለና ልጠይቅ። ስለ ምግብና ስለ አየር ንብረት የሚጽፉ ሰዎች ድንችን አመስግነው አይጠግቡም። ውሃ ቆጣቢ ነው፣ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፣ ከጠባብ መሬት ብዙ ሰው ይመግባል ይሉናል። የተባበሩት መንግሥታት 2008ን የድንች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ሜይ 30 የድንች ቀን ሆኖ ይከበራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እዚህ ላይ እንዳትጨቃጨቁ።) አምራቾች እርስ በርስ ሲያወሩ ስሰማ ግን ወሬው ሌላ ነው። መድኃኒት፣ መድኃኒት፣ አሁንም መድኃኒት። ትናንት የተረጨውን ዝናብ አጠበው፣ ነገ ይደገማል። ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚታረቀው? ድንች እውነት ለአካባቢ ይሻላል? ይሻላል ከተባለስ ከምን ይሻላል፣ በምን ተለክቶ? የምታመርቱም፣ የምታከማቹም፣ የምታጠኑም ካላችሁ ወዲህ በሉ።

መልሱ ጎረፈ። ሁሉንም እንዳለ መገልበጥ ስለማይመች በራሴ አነጋገር አሳጥሬ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ስድቡን ቀንሼዋለሁ፤ ቁም ነገሩን አልነካሁም።

መልስ 1። ቁጥር ይዞ ነው የመጣው። በዓለም አማካይ አንድ ኪሎ ድንች ለማምረት 287 ሊትር ያህል ውሃ ይሄዳል፣ ለአንድ ኪሎ ስንዴ 1,800 ገደማ፣ ለተፈተገ ሩዝ ደግሞ 2,500 ገደማ። ስለዚህ ነገሩ አልቆ የተዘጋ ነው፣ ምን ያነታርካል የሚል መንፈስ ነበረው። ስለ ርጭቱ ትንፍሽ አላለም። ላይኩ ግን ዘነበለት።

መልስ 2። ይቺኛዋ በትህትና ጀምራ ክርክሩን ከሥሩ ነቀለችው። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ የተካፈሉበት መንገድ ነው ልክ ያልሆነው አለች። ድንች ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ነው። ኪሎ ከኪሎ ማወዳደር እርጥቡን ከደረቁ ማወዳደር ነው። ስለዚህ በካሎሪ አሰላችው። ኪሎ ድንች 770 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፣ ኪሎ ስንዴ 3,400 ገደማ። ሲካፈል ድንች ለአንድ ካሎሪ 0.37 ሊትር ይወስዳል፣ ስንዴ 0.54። ሩዝ ወደ 0.7 ይጠጋል። በቆሎ ከድንች ጋር እኩል ነው፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይሻላል። ድንች አሁንም ስንዴን ይቀድማል፣ ነገር ግን ስድስት እጥፍ የነበረው ብልጫ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ወረደ። በዚያ ላይ ከ287ቱ ሊትር 191ዱ ማሳው ላይ የሚዘንብ ዝናብ ነው። ከወንዝና ከጉድጓድ የሚቀዳው 33 ሊትር ነው። የቀረው 63 ሊትር የማዳበሪያውን ብክለት ለማቅጠን ያስፈልጋል ተብሎ የሚታሰብ ነው። ይህ ሁሉ አማካይ ስለሆነ በደረቅ አካባቢ በመስኖ ለሚለማ ድንች ሒሳቡ ሌላ ይሆናል ብላ ጨረሰች። ይቺን ሴት ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ትመለሳለች።

መልስ 3። ሰው የሚበላው ድንቹን ነው እንጂ ካሎሪውን አይደለም አለ። ድንች ቫይታሚን ሲ አለው፣ ፖታሲየም አለው፤ ስንዴ ቫይታሚን ሲ የለውም። አጭር ነው፣ ልክም ነው። ጽፎ ጠፋ።

መልስ 4። ከውሃ ወደ ጋዝ ወሰደን። ተመራማሪዎቹ ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜቼክ በ2018 ያወጡትን፣ ከ38,000 በላይ እርሻዎችን ያካተተ ጥናት አነሳ። እዚያ ላይ አንድ ኪሎ ድንች ግማሽ ኪሎ ገደማ የሙቀት አማቂ ጋዝ ነው ያለበት፤ ሩዝ 4 ኪሎ ገደማ። ሩዝን ያከበደው ውሃ ከተኛበት ማሳ የሚወጣው ሚቴን ነው። በካሎሪ ቢካፈልም፣ ልዩነቱ ይጥበብ እንጂ ድንች ከሩዝ ይቀላል። ከዚያ ግን ሁለተኛውን ገጽ አሳየን። በማሳው በኩል የድንች ትልቁ ሸክም የናይትሮጅን ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያውን መሥራት ራሱ ብዙ ኃይል ይበላል። መሬት ከገባም በኋላ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። የድንች ሥር ደግሞ አጭር ነው። አብዛኛው ከላይኛው አፈር አይርቅም። በአንድ ጊዜ ብዙ ማዳበሪያ የተደፋበት ማሳ ላይ ከባድ ዝናብ ከመጣ፣ ያልተበላው ከሥሩ አልፎ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል። ከፋፍሎ መስጠት ነው መፍትሔው፤ ጥቂቱን ሲተከል፣ የቀረውን አፈር ሲታቀፍ።

መልስ 5። አምራች ነው። እስካሁን ጥያቄውን የነካው ሰው የለም ብሎ ወቀሰን። እውነቱን ነው። የርጭቱ ምክንያት በአብዛኛው አንድ በሽታ ነው፦ ሌት ብላይት፣ ያው ምች መታው የሚባለው። አምጪው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፤ ፈንገስ ይመስላል እንጂ በዘሩ ለአልጌ ነው የሚቀርበው። መጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውሃ የሰረገበት የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ ይወጣል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉ ሲገለበጥ በነጥቡ ዙሪያ ነጭ ስስ ሻጋታ ይታያል። ከዚያ በኋላ አየሩ ቀዝቀዝና እርጥብ እንዳለ ከቀጠለ፣ ያ አረንጓዴ ማሳ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ጠቁሮ ይተኛል። ሽታው ራሱ ከሩቅ ይለያል። በሽታው በነፋስ ከማሳ ማሳ ይሻገራል፤ ዝናብ ደግሞ ከቅጠሉ አጥቦ ወደ አፈሩ ያወርደውና ድንቹን እዚያው መሬት ውስጥ ይይዘዋል።

አብዛኛው መድኃኒት የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም፣ ስለዚህ በሽታው ሳይታይ መቅደም ግድ ነው። ተክሉ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ቅጠል ያወጣል። አዲሱ ቅጠል አልተረጨም። ለዚህ ነው የሚደጋገመው። ዝናባማ በሆነው ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ በአንድ ወቅት ከ10 እስከ 15 ጊዜ መርጨት የተለመደ ነው። እሱ ግን ቀን ቆጥሮ መርጨት ትቶ አየሩን ቆጥሮ መርጨት ጀምሯል። የሚጠቀምበት በብሪታንያ በ2017 የወጣውን የሃተን መስፈርት ነው፦ ሁለት ቀን በተከታታይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሳይወርድ፣ በየቀኑም ቢያንስ ለ6 ሰዓት የአየሩ እርጥበት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ አለ ማለት ነው። ካልሆነ መርጫው አርፎ ይቀመጣል። በደረቅ ዓመት ብዙ ርጭት ቀንሶለታል፤ በእርጥብ ዓመት ምንም አልቀነሰለትም። ሳያጋንን መናገሩን ወደድኩት።

መልስ 6። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የተበላሸው። አንድ ሰው 15 ጊዜ የሚረጭ ነገር ምግብ መባል የለበትም፣ መልስ 5 የሚሸጠው መርዝ ነው ብሎ አረፈው። መፍትሔው ኦርጋኒክ ነው፣ አለቀ ደቀቀ።

መልስ 7። ወዲያው አፋፋመችው። ኦርጋኒክ ማለት ያልተረጨ ማለት የመሰለው ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንቃ አለች። ብዙ ኦርጋኒክ ድንች አምራቾች የሚረጩት መዳብ ነው። ታሪኩም የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ፒየር ሚላርዴ በ1885 የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ቅልቅልን ለወይን በሽታ ካስተዋወቀ በኋላ ወደ ድንችም ዞሯል። መዳብ ማዕድን ነው፣ አይበሰብስም። አፈር ውስጥ ይጠራቀማል፣ የመሬት ትሎችን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በሄክታር በ7 ዓመት ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ ገደብ አድርጎበታል። መርዝ ከተባለ እሱም መርዝ ነው። አባባሏ ሻካራ ነበር፣ ፍሬ ነገሩ ግን ውሃ የሚያነሳ ነው።

መልስ 8። መልስ 6 ተመልሶ መጣ። እሳት ለብሶ። ሁሉም ኦርጋኒክ አምራች መዳብ እንደማይጠቀም፣ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ቀድሞ ተክሎ፣ ዘሩን አጎንቁሎ፣ በሽታው ሳይበረታ የሚቆፍር እንዳለ ጻፈ። ይህን ቢያስቀድመው ኖሮ ማንም አይጣላውም ነበር። የቀረው አንቀጽ ስለ መልስ 7 አስተዳደግ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

መልስ 9። አወያዩ ገባ። ሰው ሳይሆን ሐሳብ ተሟገቱ ብሎ አስጠነቀቀ።

መልስ 10። ዝርያ ማዳቀል ላይ የሠራ ሰው ነው። ሁለታችሁም ስለ መርጫው ትከራከራላችሁ፣ ዋናው ተክሉ ነው አለ። ምችን የሚቋቋም ድንች አለ፤ ለምሳሌ ከሃንጋሪ የማዳቀል ሥራ የመጣው ሳርፖ ሚራ ይጠቀሳል። ታዲያ ማሳውን ለምን አልሞላውም? ምክንያቱም ገዢው የለመደው መልክና ጣዕም አለው፣ ፋብሪካው የሚፈልገው የስታርች መጠን አለው፣ አንድ ዝርያ በሽታ ስለቻለ ብቻ ቦታ አይሰጠውም። ሌላው ችግር በሽታው ራሱ ይማራል። አንድ የመቋቋሚያ ዘረመል ብቻ የያዘ ዝርያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊሸነፍ ይችላል። መድኃኒቱም ላይ እንደዚያው ነው። በአውሮፓ ኢዩ43 የተባለው የምች ዘር ማንዲፕሮፓሚድ የሚባለውን መድኃኒት ተላምዶታል። ማንኮዜብ የሚባለው የቆየ መድኃኒት ደግሞ በ2020 የአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱን ሳያድስለት ቀረ። ስለዚህ መሣሪያው እያነሰ፣ ጠላቱ እየለመደ ነው።

በኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ከ2006 እስከ 2015 ከዱር ድንቾች የተወሰዱ የመቋቋሚያ ዘረመሎችን ደራርቦ በአንድ ድንች ውስጥ አስገብቶ ሞክሯል። ማሳውን በቅርብ ከመከታተል ጋር ሲጣመር ርጭቱን በ80 በመቶ ገደማ መቀነስ እንደሚቻል ነው ሪፖርት ያደረጉት። ግን በላብራቶሪ የገባ ዘረመል ስለሆነ ሕጉም ሕዝቡም አልተስማማበትም። ሰውየው ይህን ሲጽፍ ምሬቱ ይታወቅ ነበር። መልስ 6 አንድ የተናደደ ፊት ብቻ ለጠፈበት።

መልስ 11። አየርላንድን አመጣ። በ1845 ምቹ ገባ፣ ድንቹ ጠፋ፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተሰደደ። ስለዚህ ድንች ላይ የተደገፈ ሕዝብ መጨረሻው ይኼ ነው የሚል ነው።

መልስ 12። ታሪክ የሚያውቅ ሰው አረመው፣ ትንሽም ገሠጸው። ምቹ በዚያ ዘመን ሌሎች የአውሮፓ አገሮችንም መትቷል። አየርላንድ ላይ የከፋው ድሃው መሬት አልባ ሕዝብ ከድንች ሌላ የሚበላው ስላልነበረው፣ አብዛኛው የተከለውም ላምፐር የሚባል አንድ ዝርያ ስለነበር ነው። ረሃቡ እያለ እህልና ከብት ከአገሩ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ጥፋቱን ሁሉ ድንች ላይ መጫን አገሩን ይገዛ የነበረውን የብሪታንያ አስተዳደር ነፃ ማውጣት ነው አለ። በአንጻሩ ድንች በተገኘበት በደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራማ አገር ከ4,000 በላይ የሚበላ ዝርያ አለ፤ አንድ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ይተከላል፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፋል። በፔሩ ኩስኮ አቅራቢያ የድንች ፓርክ የሚባለው ቦታ ያሉ ገበሬዎች አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ማሳቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ገፍተዋል። በ2015 ደግሞ የድንች ዘራቸውን ኖርዌይ ስቫልባርድ ያለው የዓለም የዘር ማከማቻ አስገብተዋል። ተራራው ግን ጫፍ አለው፣ ከዚያ በላይ ወዴት ይኬዳል ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 13። ወደ መሬት መለሰችን፣ ቃል በቃል። ስለ ርጭት ሲወራ አፈሩ ተረሳ አለች። ድንች ከተተከለ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ አፈር ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ ይታቀፋል፣ በመጨረሻም ይገለበጣል። ይህን ያህል አፈር የሚነካካ ሰብል ብዙ የለም። መደቡ ቁልቁል ከተሠራ ቦዩ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ተዳፋቱን አቋርጦ መሥራት፣ በቦዩ ውስጥ ደግሞ በየሜትር ሁለት ሜትሩ ትንሽ የአፈር ግድብ መተው ውሃውን እዚያው ያስቀረዋል። ድንቹ ከወጣ በኋላ መሬቱን ራቁቱን አለመተው፤ ቶሎ የሚበቅል ሽፋን ሰብል መዝራት። እና ማፈራረቅ። ሦስት አራት ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ማሳ በድንች መመለስ ኔማቶድ የሚባለውን ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል መጋበዝ ነው። የድንች ሲስት ኔማቶድ እንቁላሉን ጠንካራ ከረጢት ውስጥ አድርጎ አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አንዴ የገባበት ማሳ በቀላሉ አይጸዳም፣ ሰው ደግሞ ለዚያ ሌላ መርዝ ፍለጋ ይሄዳል። ርጭቱን የሚያበዛው ምቹ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ነው የገባኝ።

መልስ 14። ለእኔ የውይይቱ ምርጥ መልስ ይኼ ነው፣ ላይክ ግን ብዙም አላገኘም። መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ሁላችሁም ማሳው ላይ ቆማችሁ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ድንቹ ከማሳው ከወጣ በኋላ የሚሆነውን የሚያየው የለም አለ። ድንች ከተቆፈረም በኋላ ሕይወት አለው። ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ውሃ ይተፋል። ስለዚህ እንደ እንቁላል ነው መያዝ ያለበት። ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍታ መወርወር የለበትም፤ ሰው ግን ከትከሻው ላይ ነው የሚያራግፈው። ከውጭ ምንም አይታይም። ሳምንት ቆይቶ ሲላጥ ውስጡ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ይገኛል።

ገና እንደተቆፈረ ለሁለት ሳምንት ያህል በ12 ወይም በ15 ዲግሪ፣ በደንብ እርጥበት ባለው አየር ይቀመጣል። ቁስሉ የሚሽርበት ጊዜ ነው። ቆዳው ይጠነክራል። ይህን ዘሎ በቀጥታ ማቀዝቀዝ ብስባሹን መጋበዝ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ ማውረድ፦ ለዘር ከሆነ እስከ 2 ወይም 4 ዲግሪ፣ ለጥብስና ለቺፕስ ከሆነ 8 ገደማ። ለጥብስ የሚሆነው ለምን አይቀዘቅዝም? ብርድ ሲበዛበት ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ስኳር የበዛበት ድንች ሲጠበስ ይጠቁራል፣ አክሪላማይድ የሚባለው ለጤና የሚያሰጋ ኬሚካልም ይበዛበታል፤ ይህን በ2002 ስዊድኖች ናቸው ያሳወቁት። ሞቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ያጎነቁላል። ለዚያ ለብዙ ዘመን ክሎርፕሮፋም የሚባል ኬሚካል ይጨስበት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከለከለው፣ መጠቀሚያ ጊዜውም በ2020 አበቃ። አሁን የናና ዘይት ወይም ኤትሊን ጋዝ ይሞከራል፣ ወይም ማቀዝቀዣው ይጨመራል። ማቀዝቀዣ ማለት ኤሌክትሪክ ነው። ከአንዱ ሲሸሹ ከሌላው። ያም ሆኖ የበሰበሰ ድንች ከሁሉም ይብሳል ብሎ ደመደመ፤ ውሃውም፣ ማዳበሪያውም፣ ያ ሁሉ ርጭትም ቀድሞ ወጥቶበታልና።

መልስ 15። ያጎነቆለ ድንች ይበላል ወይ ብላ ጠየቀች። ከርእሱ ውጭ ነው፣ ግን ሁላችንም ማወቅ የምንፈልገው ነገር ነው።

መልስ 16። ድንቹ ጠንካራ ከሆነና ጉንቁሉ ትንሽ ከሆነ ጉንቁሉን ከነሥሩ አውጥቶ መብላት እንደሚቻል ነገራት። አረንጓዴ የሆነውና መራራ ጣዕም ያለው ግን ይጣላል። አረንጓዴው ራሱ ክሎሮፊል፣ ያው የቅጠል ቀለም ነው፤ ግን ብርሃን እንደነካው ያሳብቃል፣ ብርሃኑ ደግሞ ሶላኒን የሚባለውን መርዝ ያበዛል። ሶላኒን በመቀቀል አይጠፋም።

መልስ 17። ስለ ዘር ነው፣ ከመልስ 14 ቀጥሎ የወደድኩት። ለአንድ ሄክታር ሁለት ቶን ወይም ከዚያ በላይ ዘር ድንች ያስፈልጋል። የዓለም አማካይ ምርት በሄክታር 20 ቶን ገደማ ነውና፣ ከአሥር አንዱ ተመልሶ መሬት ይገባል ማለት ነው። ያ ዘር ታማሚ ከሆነ የቀረው ድካም ሁሉ በከንቱ ነው። ክሽክሽ ከተክል ተክል እየዞረ ቫይረስ ያዛምታል፣ ገበሬው ከራሱ ማሳ ዘር እያስቀረ በተከለ ቁጥር ምርቱ ይወርዳል። ማዳበሪያ ቢጨምርም አይመለስም። ሊማ ላይ በ1971 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል የሚያስተምረው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ተክሉ ሳያብብ ማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ጤነኛና ወፍራም የሆኑት አጠገብ ችካል መትከል፣ ቆይቶ ሌላ ዙር አይቶ የታመመውን ችካል መንቀል። ሲደርስ ችካል ያላቸውን ብቻ ለይቶ ቆፍሮ ለዘር ማስቀረት። ችካል ብቻ ነው ወጪው።

ዘሩን ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ማቆየት ይቻላል። አየር በደንብ የሚገባበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግን ብርሃን ያለው መደርደሪያ ላይ በስሱ መዘርጋት። ብርሃኑ ጉንቁሉን አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ያደርገዋል፤ ጨለማ ውስጥ የሚወጣው ግን ረጅም፣ ነጭና ሲነካ የሚሰበር ነው። ለዘር ብቻ እንጂ ለምግብ አይሆንም፣ ምክንያቱን መልስ 16 ተናግሮታል።

መልስ 18። ጥርሱን ነክሶ የጻፈ ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረ፤ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ብሎ ተረተብኝ። ከዚያ ሁሉንም ገረፈ። የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ፋኦ በ2019 ያወጣው ግምት በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶው ከተሰበሰበ በኋላ መደብር ሳይደርስ እንደሚጠፋ ይናገራል። መደብር፣ ምግብ ቤትና ቤት ውስጥ የሚባክነውን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ለ2022 ለተመጋቢው ከቀረበው ምግብ 19 በመቶ አድርሶታል። ድንቹ ጠማማ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ነጥብ አለበት ተብሎ ከመለያው ላይ ይወረወራል። ገበሬው ርጭት ቀንስ ይባላል፤ ነጥብ ያለበት ድንች አልገዛም የሚለውን ገዢ ማንም አይናገረውም። ይኼ እውነት ነው። መልስ 5 ተመልሶ ይህን ብቻ ደግፎ ጻፈ።

መልስ 19። ወደ አንዲስ መለሰን። እዚያ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ድንችን ለዓመታት ያቆዩታል። ሌሊት ውርጭ ላይ ያሰጡታል፣ ቀን ሲቀልጥ በእግር ረግጠው ውሃውን ያወጡታል፣ ይህን ደጋግመው በፀሐይ ያደርቁታል። ቹኞ ይባላል። ግሩም ነው፣ ግን ውርጭና ጠንካራ ፀሐይ በአንድ ቀን የሚገኝበት አገር ይፈልጋል።

መልስ 20። ድስቱን ክደኑት አለ። ድንች ቤት ውስጥ ሲበስል የሚፈጀው ኃይል ቀላል እንዳልሆነ፣ ለአንድ ሁለት ድንች ብሎ ምድጃውን ለአንድ ሰዓት ማንደድ ማሳ ላይ የተቆጠበውን እንደሚበላው ጻፈ። ሰው ሳቀበት። ትክክል መሆኑን ግን የካደው የለም።

መልስ 21። መልስ 2 ተመለሰች፣ ሒሳቧን ይዛ። መልስ 14 ያለውን በራሷ ቁጥር ሞከረችው። ከሦስት ድንች አንዱ መጋዘን ውስጥ ቢበሰብስስ? ያኔ የሚበላው ኪሎ ድንች 287 ሳይሆን 430 ሊትር ውሃ ወስዷል ማለት ነው። በካሎሪ 0.56። ስንዴ 0.54 ነበር። አለቀ፣ ብልጫው ጠፋ። መልስ 1 የኮራበት ስድስት እጥፍ በአንድ መጥፎ መጋዘን ይበላል። ርጭቱም እንደዚያው ነው፤ 10 ጊዜ ተረጭቶ ሢሶው ከተጣለ፣ ለሚበላው ድንች የተረጨው 15 እንደማለት ነው። የጠየቅሁት በምን ተለክቶ ብዬ ነበር፤ ሳህን ላይ በደረሰው ነው መለካት ያለበት።

መልስ 22። መልስ 1 ራሱ መጣ፣ ደስ አላለውም። ስንዴም እኮ ይነቅዛል፣ ለምን ድንቹ ብቻ ይቀነሳል አለ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው።

መልስ 23። መልስ 14 መለሰለት። እህል ከ12 እስከ 14 በመቶ እርጥበት ብቻ ይዞ ነው የሚከተተው፣ ከነቀዝና ከእርጥበት ከተጠበቀ ሳይነካ ይከርማል። ድንች 80 በመቶ ውሃ ይዞ እየተነፈሰ ነው የሚገባው። ስንዴም ይቀነስ፣ ግን ድንች በቀላሉ የበለጠ ይጠፋል። መልስ 1 ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 24። መልስ 5፣ አምራቹ፣ ተግባራዊ ነገር ጠየቀ። ማቀዝቀዣ መግዣ የለኝም፣ በጆንያ ቆልዬ ነው የማስቀምጠው፣ ምን ላድርግ ነው ጥያቄው።

መልስ 25። መልስ 14 ጆንያውን መጀመሪያ ይተወው አለ። መሐል ያለው ጆንያ አየር አያገኝም፣ እዚያ ይሞቃል፣ እዚያ ይጀምራል። ሳጥን ይሻላል፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ በሳጥኖቹ መካከል ክፍተት ተትቶ። ቴርሞሜትር ክምሩ መሐል ይቀመጥ እንጂ ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ሌሊት የውጭው አየር ከክምሩ ሲቀዘቅዝ ታችና ላይ ያለው መስኮት ይከፈት፣ ጠዋት ከመሞቁ በፊት ይዘጋ፣ ብርሃንም እንዳይገባ ይሸፈን። በየሳምንቱ እየዞሩ ማሽተት፤ ብስባሽ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። የተገኘው በዚያው ቀን ከነጎረቤቶቹ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት መልሶች የእንጨት ሳጥን ይሻላል የፕላስቲክ በሚል ክርክር ላይ ናቸው። መልስ 6 እና መልስ 7 እዚያም ተገናኝተዋል።